የቆየ ግጭት አስታማሚ ይፈልጋል

(ሀዋሳ ላይ ለወጣቶችና ለአገር ሽማግሌዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በጽሑፍ ስጠን ስላላችሁኝ ቅጂውን እየሰማሁ ጻፍኩት፣ አነጋገሬንም ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ። ከአንድ መንገድ ልጀምር። ከዚህ ከሀዋሳ ተነስታችሁ ወደ ደቡብ ብትነዱ ዲላ፣ ይርጋጨፌ፣ ቡሌ ሆራ (ትልልቆቹ አሁንም ሀገረ ማርያም የምንላት)፣ ያቤሎ፣ ሜጋ እያላችሁ ሞያሌ ትገባላችሁ፣ ሞያሌ ላይ ኬላውን ከተሻገራችሁ ኬንያ ናችሁ። እኔ ይሄን መንገድ በሥራ ምክንያት ዓመታት ተመላልሼበታለሁ። በዚህ አንድ አስፋልት ላይ የቡና መሬት ግጭት አለ፣ የግጦሽና የውሃ ግጭት አለ፣ ይሄ ቀበሌ የኛ ነው የናንተ ነው ሚል የወሰን ግጭት አለ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ የሁለት አገር ድንበር አለ። ብዙዎቹ ከኔ ዕድሜ ይበልጣሉ። ዛሬ ማወራችሁ እነዚህ ዕድሜ ያላቸውን ግጭቶች ምን እናድርጋቸው በሚለው ላይ ነው።

ሰነድ ላይ "የግጭት አስተዳደር" ብለን እንጽፋለን። ይሄ ቃል ለኔ ምንም አይለኝም፣ ቢሮ ቢሮ ይሸታል። እኔ ማስታመም ነው ምለው። ለምን መሰላችሁ፣ እናቴ ብዙ ዓመት ከስኳር ጋር ኖራለች፣ ሐኪሙ አንድም ቀን ይድናል ብሎን አያውቅም፣ ያስተማረን እንዴት እንደሚኖርበት ነው። ታላቅ እህቴ ነበረች ምታስታምማት፣ ጠዋት መርፌዋን ትወጋታለች፣ ማታ የእግር ጣቶቿን አንድ በአንድ እያገላበጠች ቁስል እንዳይኖር ታያለች። እና በኛ ቤት አስፈሪው ጊዜ እናቴን ሲያማት አልነበረም፣ ያኔማ ሁላችንም እንሯሯጣለን። አስፈሪው "አሁንማ ድኛለሁ" ያለችበት ጊዜ ነበር፣ መርፌውን ትተዋለች እኛም እንዘናጋለን። የቆየ ግጭትም እንደዛው ነው። ሰው ሲሞት ባለሥልጣን ይመጣል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ ሰንጋ ይታረዳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከዛ ፀጥ ሲል ቦታው ላይ ማንም የለም።

ትልቁን ምሳሌ ከቤታችን ላንሳ፣ ኢትዮጵያና ኤርትራ። ግንቦት 1990 ባድመ ላይ የተጀመረው ጦርነት ሁለት ዓመት ቆይቶ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ወጣት በላ፣ ታህሳስ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። እንደ ወረቀት በጣም ጥሩ ወረቀት ነው። የድንበር ኮሚሽን አቋቋመ፣ ውሳኔው የመጨረሻና አስገዳጅ ነው አለ፣ ለደረሰው ጉዳት የካሳ ኮሚሽን አስቀመጠ። መሐል ላይ 25 ኪሎሜትር ስፋት ያለው ጦር የማይገባበት ቀጠና ነበር፣ እስከ 4,200 የሚደርስ የተመድ ሰላም አስከባሪም ገባ። ኮሚሽኑ ሚያዝያ 5 ቀን 1994 ፈረደ፣ ባድመ ለኤርትራ ሆነች፣ ኢትዮጵያ ይሄን መዋጥ አቃታት፣ መሬት ላይ ምሰሶ መትከሉ ተቋረጠ፣ ኮሚሽኑም በመጨረሻ ነጥቦቹን ካርታ ላይ ብቻ አስቀምጦ ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ ተበተነ። እዛ ለሚኖረው ገበሬ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፣ የእርሻው ድንበር ወረቀት ላይ አለ፣ መሬቱ ላይ ያለው ግን ምሽግ ነው።

ሰው ሁሉ ስለ ባድመ ነው ሚያወራው። እኔን ሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። ወታደራዊ አስተባባሪ ኮሚሽን የሚባል ነገር ነበር። ፖለቲከኞቹ ተኮራርፈው በነበረበት ሰዓት የሁለቱ አገር መኮንኖች በሰላም አስከባሪው አዛዥ ሰብሳቢነት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ ነበር፣ የሚያወሩትም ስለ ታሪክና ስለ ሉዓላዊነት ሳይሆን በዛ ሰሞን መስመሩ ላይ ስለተፈጠረው ነገር ነው። ያቺ ነች እህቴ በየማታው የእናቴን የእግር ጣት እንደምታየው ያለችው። እ.ኤ.አ. በ2006 ያ ስብሰባ ቀረ። ሐምሌ 2000 ላይ ሰላም አስከባሪው ራሱ ሄሊኮፕተር እንዳይበር ታግዶ ነዳጅ ተከልክሎ ወጣ። ከዛ በኋላ አስር ዓመት ሙሉ ሁለቱ ጦሮች ፊት ለፊት ተፋጠው ሲቆሙ በመደበኛነት ሚገናኙበት አንድ ክፍል እንኳን አልነበረም። ሕዝቡማ ስልክም አልነበረውም፣ ታስታውሳላችሁ ሐምሌ 2010 መስመሩ ሲለቀቅ ሰው ማያውቀው ቁጥር ላይ እየደወለ ሲያለቅስ የነበረው።

ከዛ ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ የሁለቱ አገር የሰላም ስምምነት ተፈረመ፣ መስከረም 1 ቀን 2011 በቡሬና በዛላምበሳ ድንበሩ ተከፈተ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ፣ ሃያ ዓመት ያልተያዩ ወንድማማቾች አንገት ለአንገት ሲተቃቀፉ አይቶ ያላለቀሰ ማን አለ። ግን በሳምንቱ አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። ቀረጥ ስንት ነው? ብር በናቅፋ በስንት ይመነዘራል? ሰው የሚያልፈው በምን ወረቀት ነው? መኪና ቢጋጭ ዳኛው ማነው? ለነዚህ ግልጽ ሕግ ሳይወጣ ሰውና ዕቃ ዝም ብሎ ጎረፈ፣ ታህሳስ ላይ ዛላምበሳ ተዘጋ፣ በኋላ የተከፈተው የሁመራ ኦምሃጀርም፣ ቡሬም እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2019 ሳያልቅ ተዘጉ። መሪዎች ተቃቅፈው የከፈቱት በር ጉምሩክ፣ ባንክና ኢሚግሬሽን ካልተረከቡት እንደዚህ ነው ሚሆነው። የበሩ መከፈት ስህተት ነበር እያልኩ አይደለም እንዳትሳሳቱብኝ፣ በሩን የሚጠብቅ አስታማሚ አልተመደበም ነው ምለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ከመንግሥታት ልውጣ። ሁለት መንግሥታት ሲታረቁ መሐል ላይ ያለው ሰው ምን ይሆናል ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። በ1980 መንግሥቱ ኃይለማርያምና የሶማሊያው መሪ ሲያድ ባሬ ከ1969/70ው ጦርነት ከአስር ዓመት በኋላ ተስማሙ፣ ጦር እንመልስ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ አይርዳ ተባባሉ። ለኛ ጥሩ ዜና ነበር። ሲያድ ባሬን የሚወጋው የሰሜን ሶማሊያው አማፂ ቡድን ኤስኤንኤም ግን መሠረቱ ኢትዮጵያ ነበር፣ መሬቱ ከእግሩ ስር ሲሄድበት ግንቦት ላይ ወደ ቡራኦና ሀርጌሳ ገባ፣ የሲያድ ባሬ መንግሥት ደግሞ የራሱን ከተማ ሀርጌሳን በአውሮፕላን ደበደበ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደኛ ሶማሌ አካባቢ ተሰደደ። አያችሁ፣ እዚህ ላይ ሁለት መሪዎች የዘጉት ጦርነት እዛ ማዶ ሌላ ጦርነት ሆኖ ወጣ። በቀጠናችን ግጭቶቹ የተያያዙ ናቸው፣ አንዱን ስትነኩ ሌላው ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ስምምነት ላይ ያልተቀመጠው ሦስተኛ ሰው ማነው ብላችሁ ሁሌም ጠይቁ። በትግራዩ ጦርነት ፕሪቶሪያ ላይም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ሁለት ወገኖች፣ የፌዴራል መንግሥቱና ሕወሓት፣ ፈረሙ፣ ጦርነቱ ውስጥ የነበረችው ኤርትራ ግን ፈራሚ አይደለችም።

ስለ ፕሪቶሪያ አንድ የወደድኩት ነገር አለ እሱንም ልንገራችሁ፣ ስምምነቱ ውስጥ የከፍተኛ አዛዦች ቀጥታ የመገናኛ መስመር በ24 ሰዓት ውስጥ ይከፈት ይላል፣ በአስር ቀኑ ደግሞ ናይሮቢ ላይ አዛዦቹ ራሳቸው ተቀምጠው ዝርዝሩን ፈረሙ። ሰው በየቀኑ እየሞተ ከነበረበት ጦርነት ወጥተን ይሄ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። በሌላ በኩል ግን አልጀርስን በሺዎች ነበር የጠበቁት፣ ይሄን ሁሉ ትልቅ ስምምነት እንዲከታተል የመጣው ጥቂት የአፍሪካ ኅብረት ባለሙያ ነው። ተፈናቃዩ ደግሞ ዓመታት አልፈውም ሽሬ ላይ መጠለያ ውስጥ አለ። የተፈናቀለ ሰው ቤቱ ሳይገባ ግጭቱ አልቋል ማለት እኔ አይዋጥልኝም።

አሁን ስለራሴ ልንገራችሁ፣ ይሄን ስናገር ይከብደኛል። ከዓመታት በፊት በአንድ የሰላም ፕሮጀክት ውስጥ እሠራ ነበር። ቦታውንም ድርጅቱንም አልጠራም። ሥራዬ በየወሩ ወረዳ ወረዳ እየዞርኩ ሁኔታውን መጠየቅና አንድ ፎርም መሙላት ነው፣ ፎርሙ ላይ ሦስት ምርጫ አለ፣ የተረጋጋ፣ የሚያሰጋ፣ ግጭት ያለበት። አንድ ቦታ ላይ ሰባት ወር በተከታታይ "የተረጋጋ" ብዬ ጻፍኩ። እውነትም ተኩስ አልነበረም። ግን የሰኞውን ገበያ አንደኛው ወገን መምጣት አቁሞ ነበር፣ ይሄን አይቻለሁ፣ አንዲት ቅቤ ነጋዴ "እነሱ አይመጡም እኛም አንሄድም" ብላኛለች፣ ፎርሙ ላይ ግን ለቅቤ ነጋዴ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። በሰባቱ ወር ሪፖርት ምክንያት ፕሮጀክቱ እዛ ወረዳ ላይ ተዘጋ፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ሄደ። ዝናብ ሲዘገይ አንድ የውሃ ጉድጓድ ላይ ተጀምሮ በሁለት ቀን ብዙ ሰው ሞተ። እዛ መንደር የማውቀው እረኛ ልጅም ከሞቱት ውስጥ ነበረ። "የተረጋጋ" የሚለውን ቃል ከዛ ወዲህ መጻፍ አልችልም።

ስለዚህ ከማንም ባለሙያ በላይ ገበያን አምናለሁ። ኬንያ ውስጥ ዋጂር የሚባል አለ፣ ሶማሌዎች የሚኖሩበት፣ ከሞያሌ ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በድርቅና በጎሳ ግጭት ተበጣጥሶ ነበር፣ ገበያ ላይ እንኳን የአንዱ ጎሳ ሴት ከሌላው አትገዛም ነበር። ሰርግ ላይ የተገናኙ ጥቂት ሴቶች፣ ከነሱ አንዷ ደቃ ኢብራሂም አብዲ የምትባል አስተማሪ፣ ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው ተባባሉ። ከምን ጀመሩ መሰላችሁ፣ ከገበያው። ማንኛዋም ሴት ከየትኛውም ጎሳ ትሁን መሸጥና መግዛት እንድትችል የሚከታተል ኮሚቴ አቋቋሙ፣ በየቀኑ ገበያ ቆመው ያያሉ፣ ችግር ሲፈጠር ያኔውኑ ያበርዳሉ። ከዛ ሽማግሌዎቹን ገፉ፣ ወጣቶቹን አመጡ፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 1993 ሽማግሌዎቹ አል ፋታህ የተባለውን ቃል ኪዳን ፈረሙ፣ ኮሚቴው ደግሞ በኋላ ለሌላው የኬንያ አካባቢ የሰላም ኮሚቴዎች ምሳሌ ሆነ። ልብ በሉ፣ ቃል ኪዳኑ የመጣው ገበያው ከተያዘ በኋላ ነው። ደቃ በ2011 እ.ኤ.አ. በመኪና አደጋ ምክንያት አረፈች፣ ነፍሷን ይማር።

ሌላው አብዬ ነው። ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚጨቃጨቁበት መሬት፣ ንጎክ ዲንካዎቹ ነዋሪ ናቸው፣ ሚሴሪያ የሚባሉት አረብ ከብት አርቢዎች ደግሞ በበጋ ከሰሜን ይወርዳሉ። በጃንዋሪ 2011 እ.ኤ.አ. ይደረጋል የተባለው ሪፈረንደም አልተደረገም፣ እስከዛሬ የማን እንደሆነ አልተወሰነም። የኛ ልጆች ናቸው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአስር ዓመት ያህል በሰላም አስከባሪነት እዛ የቆሙት፣ እዚህ አዳራሽም ውስጥ የሄደ ሊኖር ይችላል። ትልቁ ጥያቄ ሳይመለስ ታዲያ ምን ሠራ? እ.ኤ.አ. በ2016 አሚየት የሚባል የጋራ ገበያ ተቋቋመ፣ ሚሴሪያው ከሰሜን ዕቃ ያመጣል ዲንካው ይገዛል ይሸጣል፣ የሁለቱ ወገን የጋራ የሰላም ኮሚቴም ተመሠረተ። ገበያው ጥቃት ደርሶበት ያውቃል፣ እንደገናም ይቆማል። አገሮቹ መስማማት ያቃታቸውን ነገር ነጋዴው አልፈታውም፣ ግን ሕዝቡ በየበጋው እንዳይተላለቅ የሚያደርግ አንድ ምክንያት ፈጥሯል፣ ይሄ ለኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ራቅ ያለ አንድ ልጨምር። ቆጵሮስ ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት የተከፈለች ደሴት ናት፣ ዋና ከተማዋ ኒኮሲያም እንደዛው፣ መሐሏ ላይ የተመድ ወታደር ቆሟል። ድርድሩ በየአስር ዓመቱ ይጀመራል ይፈርሳል። ግን ከተማዋ ስትከፈል አንድ ጣጣ ነበር፣ የፍሳሽ መስመሩ። ፍሳሽ ደግሞ ቁልቁል ነው ሚሄደው፣ የማን ወገን እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱ ከንቲባዎች፣ የግሪኩ ሌሎስ ዴሜትሪያዲስና የቱርኩ ሙስጠፋ አኪንጂ፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ተነጋግረው ፍሳሹን በጋራ ለመሥራት ተስማሙ፣ አንዱ የሌላውን አስተዳደር ዕውቅና ሳይሰጥ። መሐንዲሶቻቸው በግልጽ ባይታረቁም ቧንቧ ሲፈነዳ ይገናኛሉ። አኪንጂ በ2015 እ.ኤ.አ. የቱርክ ቆጵሮሶች መሪ ሆኖ ተመርጧል፣ በጠላት ወገን ካለ ሰው ጋር መሥራቱ ሰዎቹ ፊት አላስነወረውም ማለት ነው። ሀዋሳ ላይ ይሄን የማወራው ለምንድነው፣ ወሰን ላይ ያሉ ወረዳዎቻችን የጋራ ውሃ፣ የጋራ መንገድ፣ የጋራ ጤና ጣቢያ አላቸው፣ ወሰኑ የማን ነው የሚለውን ትተው ስለ ቧንቧው ሚነጋገሩ ሁለት መሐንዲስ ግን የሏቸውም።

ወደ ጎረቤታችን ልመለስ፣ ወደ ጌዴኦና ጉጂ። በአፈ ታሪክ ወንድማማች ናቸው፣ ተጋብተዋል ተዋልደዋል፣ ደም ሲፈስ ደግሞ ጎንዶሮ የሚባል ከባድ የእርቅና የመሐላ ሥርዓት አላቸው፣ መሐላውን ያፈረሰ እርግማን እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990 ተጋጭተው ነበር፣ ከዛ ሃያ ዓመት ፀጥ አለ። እኛም ፀጥ አልን። ሚያዝያ 2010 ጉጂ ውስጥ ቀርጫ አካባቢ ሲነሳ ሰው ወደ ዲላ ወደ ይርጋጨፌ ሸሸ፣ ብዙው ተመለሱ ተብሎ ተመለሰ፣ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ፈነዳ፣ ወደ 1 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተፈናቀለ። ከዚህ ዲላ መቶ ኪሎሜትር አይሞላም። አብያተ ክርስቲያናትና ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሰው እላይ በላይ ተኝቶ በዓይኔ አይቻለሁ፣ የወለደች እናት ሲሚንቶ ላይ ካርቶን አንጥፋ ነበር።

ሽማግሌዎቻችን የት ነበሩ ትሉኛላችሁ። ነበሩ። ግን ልጆቹ ይሰሙት የነበረው ከስልካቸው ነው፣ ፌስቡክ ላይ አንድ የተቆረጠ ቪድዮ ከአባገዳ ቀድሞ ይደርሳል። ሌላው ደግሞ፣ አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ ሽማግሌዎቻችንን የምንጠራቸው ከፈነዳ በኋላ ነው፣ በመኪና ጭነን ወስደን ሆቴል አሳድረን አበል ሰጥተን "በሁለት ቀን አስታርቁ" እንላቸዋለን። እርቅ በእቅድ ሪፖርት ጊዜ አይሄድም። ሲዳማ አፊኒ የሚለው ሥርዓት አለው፣ "ሰማችሁ ወይ" ማለት ነው፣ ነገሩ ለሰው ሳይሰማ፣ ሳይጣራ፣ ማንም እጁን አያነሳም። እዚህ የተቀመጣችሁ ታውቁታላችሁ ከኔ በላይ። በሰኔ 2010 ይቺ ከተማ ራሷ ያየችውን ሁላችንም እናውቃለን፣ ያን ቀን አፊኒ ያለ ሰው በየሰፈሩ ቢኖር ስንቱ ይተርፍ ነበር። ግን አፊኒን ሰፈር ውስጥ በየሳምንቱ ካልኖርንበት በጭንቅ ቀን ተነስቶ አያድነንም።

መንግሥታት ይሄን አያውቁም ማለት አይደለም። የቀጠናችን አገሮች ድርጅት ኢጋድ እ.ኤ.አ. በ2002 ሴዋርን የተባለ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቁሟል፣ አዲስ አበባ ነው ያለው፣ ከብት አርቢ አካባቢ ሰው እየመደበ መረጃ ይሰበስባል። ችግሩ ማስጠንቀቂያው ጋ አይደለም። ማስጠንቀቂያው ደርሶ መኪናው ነዳጅ የለውም፣ አስተዳዳሪው ከትናንት ወዲያ ተቀይሯል፣ ጎረቤት ወረዳ ያለውን አቻውን ስልክ አያውቅም። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፣ ቅጠሉ ማን እጅ ላይ እንዳለ ግን አንጠይቅም።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ ነበር። አንዲት ከጌዴኦ የመጡ እናት ተነሱና "ልጄ፣ ያወራኸው ሁሉ ጥሩ ነው፣ እኔ ግን ተፈናቅዬ ስመለስ የቡና ተክሌን ሌላ ሰው ለቅሞት ጠበቀኝ፣ አብሮ አደጌ ነው፣ አሁን ለቅሶ ላይ እንገናኛለን ሰላም እንባባላለን፣ ስለ ቡናው ግን ማንም አንስቶት አያውቅም" አሉኝ። አዳራሹ ፀጥ አለ። እኔም ወዲያው መልስ አልነበረኝም።

ቆይቼ እንዲህ አልኳቸው፣ "እናቴ፣ ያ ቡና ነው ዋናው ነገር። እርስዎም እሱም ሌሎቹም፣ ማን ስንት እግር ቡና ነበረው፣ ማን ለቀመው፣ ስንት ዓመት፣ ከሁለቱም ወገን ሰው ባለበት ይጻፍ። ዛሬ ባይከፈልም ይጻፍ። የሚጽፈው ሰው ደግሞ በየዓመቱ የቡና ለቀማ ሳይደርስ መጥቶ ይጠይቃችሁ።" እሳቸውም "ማን ይጽፈዋል?" አሉ። ከኋላ አንድ የጉጂ ልጅ እጁን አወጣ፣ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፣ "አያቴ ቀርጫ ናቸው፣ እኔ እጽፋለሁ" አለ። ከአዳራሹ ስንወጣ ሁለቱ በር ላይ ቆመው ስልክ ሲለዋወጡ አየኋቸው፣ እሳቸው ቁጥራቸውን በቃላቸው ስለማያውቁት ስልካቸውን አውጥተው ሰጡት፣ እሱ ነው የራሱ ላይ የደወለው።